ዝናብ የማያድርባት ከተማ

ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ልደታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፀሐይ ላይ ይቁሙና ወደ እግርዎ ይመልከቱ። ጥላዎን አያገኙትም። ከጎንዎ ያለው የመብራት ምሰሶም ጥላ አይኖረውም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ነሐሴ 23 ቀን አካባቢ ነው። ያን ጊዜም ፀሐይ እዚያው አናታችን ላይ ናት። ነገር ግን ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ፣ እናቶች ጋቢ ደርበው ስለሚውሉ የጥላን ነገር የሚያነሳ የለም።

ፀሐይዋ አንድ ናት፤ ሰፈሩም አንድ ነው። ሆኖም የሚያዝያው ቀን ከነሐሴው በአማካይ ሦስት አራት ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ልዩነቱን የሚያመጣው ውሃ ነው። ነሐሴ ላይ ደመናው ጨረሩን ይመክታል፤ ዝናብ የጠገበው አፈር ደግሞ የደረሰውን ሙቀት ውሃውን ለማትነን ያውለዋል። ሚያዝያ ላይ ግን፣ በተለይ በልጉ ከቀረ፣ ሰማዩም መሬቱም ይደርቃል። ያን ጊዜ ሙቀቱ የሚያተነው ውሃ ስለሚያጣ በግድግዳው፣ በቆርቆሮው፣ በአስፋልቱና በሰው ገላ ላይ ያርፋል።

ስለ ከተማ ሙቀትና ስለ ድርቅ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ለየብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ማስረዳት የምፈልገው ግን ሁለቱ መንታ መሆናቸውን ነው። ውሃ የማያድርበት ከተማ ይጠማል፤ የተጠማ ከተማ ደግሞ ይግላል። ሚያዝያ ላይ ምን ያህል እንደምንቃጠል በከፊል የሚወሰነው ነሐሴ ላይ፣ የወረደውን ዝናብ በምናደርገው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ

በዜና “የበጋው ሙቀት አውሮፓን አቃጠለ” ሲባል የምንሰማው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ያ ወቅት ለእኛ ክረምት ነው። በሊቃውንቱ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ ቀኑ የሚቀዘቅዝበት፣ ወንዙ የሚሞላበት ጊዜ ነው። የእኛ የሙቀት ወራት ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉት ናቸው። እነዚህ ወራት ደግሞ ትንሹ ዝናብ፣ በልግ፣ የሚጠበቅባቸው ናቸው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሙቀት የሚበረታው በልግ የዘገየ ወይም የቀረ ዕለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ሙቀትና ድርቅ አንዳንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ እኛ ዘንድ ግን አብረው የሚመጡት በወቅቱ ጠባይ ነው።

የሙቀት ማዕበል የሚባለውም ቴርሞሜትሩ አንድ የታወቀ ቁጥር ሲያልፍ አይደለም። አንድ ቦታ ከለመደው በላይ የሆነ ሙቀት ለተከታታይ ቀናት ሳይበርድ ሲሰነብት ነው። ሠላሳ ዲግሪ ለሰመራ ሰው እፎይታ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ቤቱም፣ ልብሱም፣ ገላውም ያልተዘጋጀበት ነገር ነው። በሰመራ፣ በጋምቤላና በድሬዳዋ ሰው ቀትርን ሸሽቶ መሥራትን፣ በረንዳ ላይ ማደርን፣ ነፋስ የሚያስገባ ቤት መሥራትን ከአባቶቹ ተምሯል። የአዲስ አበባ ሰው የወረሰው ትምህርት ብርድን መከላከል ነው።

ይህም ምክንያት አለው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወረድ ብለው በፍልውሃው አካባቢ ሲሰፍሩና ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሲጠሩ፣ የከተማዋ መነሻ ሙቀትና ውሃ ፍለጋ ነበር። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማችን ከሐሩር ክልል መካከል ሆና እንኳ ለኑሮ የተመቸች ሆና ኖራለች። ከፍታው ግን የጠበቀን ከአየሩ ሙቀት እንጂ ከጨረሩ አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ ጨረሩ ይበረታል። ጥላ ውስጥ ሲገቡ ወዲያው የሚበርድዎ፣ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ደግሞ ወዲያው የሚለበልብዎ ለዚህ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ጥላ ከማንኛውም ማቀዝቀዣ የበለጠ ዋጋ አለው።

እንስራው የሚያስተምረን

ውሃ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገንም። የሸክላ እንስራ ይበቃናል። በእንስራ ያደረ ውሃ በፕላስቲክ ጄሪካን ካደረው ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው ስለሚያልበው ነው። በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ሾልኮ የወጣው እርጥበት በውጭ በኩል ሲተን፣ ለመትነን የሚፈልገውን ሙቀት ከእንስራው ይወስዳል። የሰው ላብም ሥራው ይኸው ነው። ላቡ በገላችን ላይ ስለታየ አንቀዘቅዝም፤ የምንቀዘቅዘው ሲተን ነው።

ዛፍም እንደ እንስራ ነው። ሥሩ ከአፈር የሳበው ውሃ በግንዱ ወጥቶ በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተናል። አንድ ትልቅ ዛፍ በቂ ውሃ ካገኘ በቀን 100 ሊትር ያህል ሊያተን ይችላል። ይህን ለማድረግ ከአካባቢው 70 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ይወስዳል። ቁጥሩን ወደ ማድቤታችን እናምጣው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ያንን ምጣድ ሳያጠፉ 20 ሰዓት ሙሉ ቢጋግሩበት የሚያወጣውን ሙቀት ያህል፣ ዛፉ በአንድ ቀን ከሰፈሩ ላይ ያነሳል ማለት ነው። መብራት አይቆጥርም፣ አይጮኽም፣ ሙቀቱንም እንደ አየር ማቀዝቀዣ ወደ ጎረቤት መስኮት አያባርርም።

ነገር ግን “በቂ ውሃ ካገኘ” ያልነውን እንዳንረሳ። አፈሩ ሲደርቅ ዛፉ ራሱን ለማትረፍ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ጥላው ይቀራል፤ ማቀዝቀዙ ግን ይቆማል። ድርቅ የከተማን ማቀዝቀዣ የሚያጠፋው በዚህ መንገድ ነው፤ ያውም በጣም በሚያስፈልገን ሰሞን።

ልደታ ሙቀቱን ከየት ታመጣለች?

አንድ የልደታ ሽማግሌ ቢጠይቁ ሰፈሩ በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ መልኩን እንደለወጠ ይነግሩዎታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ቦሌ እስኪዛወር ድረስ አውሮፕላን የሚነሳውና የሚያርፈው በዚሁ በልደታ ነበር፤ “አሮጌው ኤርፖርት” የሚለው ስም የዚያ ትዝታ ነው። በዙሪያው በጭቃ የተመረጉ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች ተጠጋግተው በቀሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመልሶ ማልማቱ ሥራ ሲመጣ ከእነዚያ ብዙዎቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየሞች ቆሙ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ። እያንዳንዱ ለውጥ ለነዋሪው ጥቅም አምጥቷል። እያንዳንዱ ግን ከሙቀት ጋር ያለንን ሒሳብ ለውጧል።

ከቆርቆሮው እንጀምር። በሰፈሩ በቀሩት የጭቃ ቤቶች ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የገባ ሰው ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ሲጫነው ይሰማዋል። የዛገ ቆርቆሮ ፀሐይን ይውጣል። አዲሱ ብርሃኑን ቢያንጸባርቅም፣ የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ለመልቀቅ ይሰስታል። ስለዚህ ሁለቱም ከሥራቸው ላለው ክፍል ምድጃ ይሆናሉ። የጭቃው ግድግዳ ግን ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። እናቶቻችን አቡጀዲ ወጥረው ኖራ የሚቀቡት ኮርኒስ ደግሞ ለውበት ብቻ አልነበረም። በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል አየር አስቀምጦ ሙቀቱን ያዘገየው ነበር። የጭቃ ቤቱ ዕውቀት ነበረው፤ የጎደለው ጣሪያው ላይ ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ሌላ ጠባይ አለው። ኮንክሪትና ብሎኬት ቀኑን ሙሉ ሙቀት ያጠራቅማሉ፤ ማታ ሰው ሊያርፍ ሲል ያጠራቀሙትን ይመልሳሉ። አስፋልቱም እንዲሁ ነው። ከተማ ከገጠር በላይ የሚሞቀው በቀን ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሌሊት ላይ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀን የጋለ ሰውነት የሚጠገነው ሌሊት ሲበርድ ነው። ሌሊቱ ካልበረደ ልብ አያርፍም፤ ሕፃናትና አረጋውያን የሚዳከሙትም ሙቀቱ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሌሊት ሲደጋገም ነው።

ለማረጋገጥ ከፈለጉ ፀሐያማ በሆነ የመጋቢት ቀን ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲሄዱ አስፋልቱ ላይ እጅዎን ለአፍታ ያሳርፉ። ቀጥሎ ዛፍ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብተው ጥላው ሥር ያለውን አፈር ይንኩ። የሰሙት ልዩነት በሰው እጅ የተሠራ ነው። በዚህ ላይ የዓለም ሙቀት መጨመር ይደመራል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ብሏል። ይህን ብቻችንን ልንመልሰው አንችልም፤ የእኛ ድርሻም በጣም ጥቂት ነው። ሰፈራችን ራሱ የሚጨምረው ሙቀት ግን በእጃችን ነው።

ዝናብ እያለን የምንጠማው ለምንድን ነው?

ለንደን በዝናቧ የታወቀች ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ግን 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ 1,100 ሚሊ ሜትር ያህል ታገኛለች፤ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ታዲያ ጄሪካን ተሸክመን ወረፋ የምንጠብቀው እኛ የሆንነው ለምንድን ነው? የለንደን ዝናብ ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይወርዳል። የእኛ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በአንድ ጊዜ ይወርድና ይሄዳል። እንግዲህ የእኛ ችግር የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የወረደው አለማደሩም ነው።

አሮጌው መሬት ዝናብን ያሳድር ነበር። ሣርና ዛፍ በለበሰ መሬት ላይ ከሚወርደው ውሃ ወዲያው በላዩ የሚፈሰው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው፤ የቀረው ይሰርጋል ወይም ቀስ ብሎ ይተናል። መሬቱ በአስፋልት፣ በሲሚንቶና በጣሪያ ሲታሸግ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወዲያው ይፈሳል። ክረምት ላይ መንገዱን የሚያጥለቀልቀው፣ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርቻ ያሉ ቤቶችን የሚያሰጋው ጎርፍ፣ ሚያዝያ ላይ ያጣነው ውሃ ነው። ጎርፍና ጥም የአንድ ስህተት ሁለት ፊቶች ናቸው።

ከተማዋ ውሃዋን የምታሳድረው በዋናነት ከራሷ ውጭ ነው። በ1930ዎቹ በአምቦ መንገድ በኩል የተሠራው የገፈርሳ ግድብ፣ በሰንዳፋ አቅጣጫ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተገነባው ለገዳዲ፣ ኋላም የተጨመረው የድሬ ግድብ፣ ከደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ዋነኞቹ ምንጮቻችን ናቸው። ግድብ ማለት የነሐሴን ውሃ ለሚያዝያ የሚያስቀምጥ ጎተራ ነው። ጎተራው በክረምት ይሞላል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት ይበላለታል። ክረምቱ ቀጭን ከሆነ ጎተራው ሳይሞላ ይዘጋል። በልጉ ከቀረ በመካከል የሚጨመርበት አይኖርም። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ከግድቡ የሚተነው ውሃ ይጨምራል፤ ሰው የሚፈልገው ውሃም እንዲሁ። ገቢው ሲቀንስ ወጪው ይጨምራል፤ ያውም በአንድ ወር ውስጥ።

ይህ ሒሳብ በየቤቱ የሚታወቀው በፈረቃ ነው። “ዛሬ ውሃ መጥቷል?” የሚለው ጥያቄ በብዙ ሰፈር ከሰላምታ ቀጥሎ ይመጣል። ሮቶ ያለው ሰው መቋረጡን ላያውቀው ይችላል። ሮቶ የሌላት እናት ግን ውሃው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲመጣ ነቅታ በርሜሉን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር ትሞላለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ ካልደረሰ 20 ኪሎ የሚመዝነውን ጄሪካን በደረጃ ታወጣለች። ሙቀቱና ጥሙ ሁሉን እኩል አይነኩም፤ በቆርቆሮ ሥር የሚኖረውና ሮቶ የሌለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው።

የገጠር ድርቅም ወደ ከተማ የሚደርስበት መንገድ አለው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሰበብ በመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ወገኖቻችን ለምግብ እርዳታ ተዳርገው ነበር። ከዚያም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ቀርተው ከብቱን ጨረሱት። እንዲህ ያለው ነገር ከተማ ውስጥ በእህል ዋጋ፣ በወተት ዋጋ፣ ከገጠር በሚሰደደው ሰው ብዛት ይታያል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ኤሌክትሪካችን ከውሃ ስለሚመጣ፣ ውሃ ሲጠፋ የውሃ መግፊያ ፓምፑም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ምጣዱም አብረው ይጠፋሉ።

ከድሬዳዋ ደግሞ የምንማረው አለ። በ2014 ዓ.ም. በዚያ ከተማ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣችና በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘች የወባ ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ሰው በበርሜልና በገንዳ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ላይ ትራባለች። ውሃ የሚቆራረጥበት ከተማ ውሃ ያጠራቅማል፤ ያልተከደነ ውሃ ደግሞ ትንኝ ያጠራቅማል። ሳይንቲስቶች በደብረ ዘይት አካባቢ ባደረጉት ጥናት ወባ በሞቃታማ ዓመታት ወደ ከፍተኛ ቦታ እንደምትወጣ አሳይተዋል። አዲስ አበባን እስካሁን የጠበቃት ብርዷ ነው። በርሜልን መክደን ዛሬ ልማድ ቢሆን ለነገ ዋስትና ነው።

ሙቀት ሰውን እንዴት ይጎዳል?

የሰው ገላ ውስጡን 37 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ሁለት መሣሪያ አለው። ደም ወደ ቆዳ ይልካል፤ ላብም ያፈልቃል። ደም ወደ ቆዳ ለመላክ ልብ አብዝቶ መምታት አለበት፤ ስለዚህ የልብ ሕመም ያለባቸው ቀድመው ይጎዳሉ። ለላብ ውሃ ያስፈልጋል፤ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ሊያልበው ይችላል። ስለዚህ ሕንፃ ላይ የሚውለው ቀን ሠራተኛ፣ አስፋልት መካከል የሚቆመው የትራፊክ ፖሊስ፣ ጉልት ላይ የምትቀመጠው እናት፣ ዕቃውን በደረቱ ይዞ የሚዞረው ወጣት ቀዳሚ ተጋላጮች ናቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ። የዐቢይ ጾም ብዙ ጊዜ ከሙቀቱ ወራት ጋር ስለሚገጥም፣ የሚጾሙ የጉልበት ሠራተኞች ከባዱን ሥራ በማለዳ ቢጨርሱ፣ የታመሙም ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመካከሩ ይበጃል። በረመዳን የሚጾሙም በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ውሃ ሳይቸኩሉ፣ ደጋግመው ቢጠጡ መልካም ነው።

ምልክቶቹን ማወቅ ነፍስ ያድናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ የሽንት መጥቆርና ድካም የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሰውየውን ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ ውሃ ወይም ኦ.አር.ኤስ. ቀስ በቀስ ማጠጣት ያስፈልጋል። ሰውየው መቀባጠር፣ መደናገር ወይም ራሱን መሳት ከጀመረና ገላው እንደ እሳት ከጋለ ግን ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው። በአፉ ምንም ሳይሰጡ ገላውን በውሃ ማርጠብ፣ ማራገብ፣ አንገቱና ብብቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ማድረግና ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ መውሰድ ነው ደንቡ።

ሌሎች ከተሞች በሞት የተማሩትን እኛ በንባብ እንማር። እ.ኤ.አ. በ1995 በቺካጎ ጥቂት የሐምሌ ቀናት ከ700 በላይ ሰዎችን ገደሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ የሞቱት ከተለመደው በላይ 70,000 ገደማ ነበሩ። በሁለቱም ቦታ ከሞቱት መካከል በር ዘግተው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የሚያንኳኳላቸው ያጡ አረጋውያን ብዙ ነበሩ። የሕንዷ አህመዳባድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 ግንቦት ወር በሙቀት ከተመታች በኋላ፣ በ2013 ለሙቀት የተዘጋጀ የከተማ ዕቅድ አወጣች። ዕቅዱ ውድ መሣሪያ አልነበረውም። ሙቀቱ ሲቃረብ ሕዝቡን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ሐኪሞችን ማሠልጠን፣ የመጠጥ ውሃ ማቅረብ፣ በኋላም የድሆችን ጣሪያ ነጭ መቀባት ነበር። የሴራሊዮኗ ፍሪታውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሙቀት ጉዳይ ብቻ ኃላፊ ሾመች፤ በገበያዎች ላይ የጥላ ዳስ ተሠርቶ ጉልት የሚቸረችሩ ሴቶች ከፀሐይ ተጠለሉ።

እኛ ቺካጎና የአውሮፓ ከተሞች ያልነበራቸው አንድ ነገር አለን። ዕድር አለን። ዕድር እያንዳንዱን ቤት፣ እያንዳንዱን አዛውንት በስም ያውቃል፤ ድንኳንም፣ ጥሩንባም፣ የተመዘገበ አባልም አለው። እስካሁን በብዛት ያሠራነው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በሙቀቱ ሰሞን ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያንኳኳ፣ የውሃ ፈረቃ ላልደረሳቸው የሚያደርስ፣ ድንኳኑን ለጥላ የሚተክል ዕድር ቢኖር ከቀብር በፊት ደረሰ ማለት ነው።

ውሃን የማሳደር ሥራ

አሁን ወደ ጣሪያችን እንመለስ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በ1,100 ሚሊ ሜትር ዝናብ 44,000 ሊትር ይወርድበታል። በመንጠባጠብና በመትነን የሚጠፋውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 35,000 ሊትር ገደማ ይቀራል። ይህ 1,750 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። የሚያነደን ያው ቆርቆሮ ውሃ ሊሰጠን ይችላል ማለት ነው።

ሁሉን ማጠራቀሚያ ቦታ እንደሌለን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሥራው ደረጃ ያለው። መጀመሪያ አሸንዳውን አጽድቶና አስተካክሎ የሚቻለውን በሮቶ መያዝ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ያጥባልና ይፍሰስ። የተያዘው ለልብስ፣ ለቤት ጽዳት፣ ለመጸዳጃና ለችግኝ ይውላል፤ ሳይታከምና ሳይፈላ አይጠጣ። ቀጥሎ የተረፈውን ወደ ቱቦ ሳይሆን ወደ አፈር መምራት ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ ጠጠር የተሞላ አንድ የማስረጊያ ጉድጓድ፣ ከመንገዱ ዝቅ ያለ አንድ የሣር መደብ ውሃውን ተቀብሎ ያሳድረዋል። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ለመኪና ማቆሚያ ግቢውን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ከመሸፈናቸው በፊት ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ ነጭ ቀለም ወይም ኖራ፣ ከሥሩም አየር ያለበት ኮርኒስ ክፍሉን ያበርደዋል።

ዛፍን በተመለከተ ታሪካችን ራሱ ያስተምረናል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ከማለቁ የተነሣ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ከተማዋን ካለችበት ያቆያት አንዱ ነገር ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ያ ትውልድ ዛፍ ከተማን እንደሚያቆም በተግባር አይቷል። ዛሬ የሚያስፈልገን ግን ማገዶ ሳይሆን ጥላና እርጥበት ነው፤ ለዚህም ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጽድና ዝግባ የተሻሉ ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ፣ በቅርቡም በኮሪደር ልማት ብዙ ችግኝ ተተክሏል። ችግኝ ግን ገና ዛፍ አይደለም። አንድ የቆመ ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ በምትኩ አሥር ችግኝ ቢተከል፣ ሰፈሩ ለብዙ ዓመታት ከሳሪ ነው። ስለዚህ መቁጠር ያለብን የተተከለውን ሳይሆን ከሁለት በጋ በኋላ በሕይወት ያለውን ነው።

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ናት፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከልደታ ለማርያም ነው። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ከቤት ውጭ ተወለደች ስለሚባል በዓሉ የሚከበረው ከቤት ወጥቶ ነው። ጎረቤት ንፍሮውን፣ ዳቦውን፣ ቡናውን ይዞ ደጅ ይሰበሰባል፤ ዛፍ ካለ ዛፍ ሥር። ቀኑ የሚውለው በሙቀቱ ወራት መጨረሻ፣ ክረምት ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ከዚህ የተሻለ የምክክር ቀን አላውቅም። ንፍሮው እየተቆነጠረ ጎረቤቶች ሦስት ነገር ይነጋገሩ፦ አሸንዳው ወዴት ይፍሰስ፣ ችግኙ የት ይተከል፣ በበጋው ማን ያጠጣው። ክረምቱ ሲገባ የተነጋገሩትን ይፈጽሙ። ነሐሴ ላይ ያሳደርነው ውሃ ሚያዝያ ላይ ጥላ ሆኖ ይጠብቀናል።